ቆብ የደፋው ሰላይ፤ ክርስቲያናዊ መልክ ያላቸው የፖለቲካ ልብ ወለዶችና የምእመናን ንባብ



በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የእሑድ መርሐ ግብር አልቆ ስንወጣ አንድ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቀረበኝና፣ «ዲያቆን፣ ከጣና ገዳማት ኢንጂነር ሻጊዝ የነበረበት የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሻጊዝ በ«ዴርቶጋዳ» ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ እንጂ በሥጋ የኖረ ሰው እንዳልሆነ ነገርሁት። «እሱንማ ዐውቃለሁ፤ ግን ስሙ ተቀየረ እንጂ ታሪኩ እውነት ነው ይባላል» አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ጓደኞቹም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም በተራዬ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ የት እንደ ተቀበሩ ጠየቅኋቸው። ከሰባቱ ወጣቶች አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

ልጆቹን አልወቀስኋቸውም፤ በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ከእነርሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። ነገር ግን ጥያቄው ከልቤ አልወጣም። ገዳምን፣ ታቦትን፣ የብራና መጽሐፍንና የመነኰሳትን ሕይወት ከስለላ፣ ከሥልጣን ሽኩቻና ከመንግሥት ምስጢር ጋር አዋሕደው የሚተርኩ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት በየመንገዱ በአዟሪዎች ክንድ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። የሚያነቧቸውም በብዛት የእኛው ልጆች ናቸው። ስለዚህ መጻሕፍቱ ከየት እንደ መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ምን እንደ ተዋሱ፣ ምንስ እንደ ተዉ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም የመጣበት መጽሐፍ

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ድርሰት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፋሽን ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ክርስቲያናዊ ጭብጥ ያለው የጦርነትና የምርኮ ታሪክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዘርፉ ስም ሆኖ ቀርቷል። በመጽሐፉ የክርስቲያኑ ጦር በአረመኔው ንጉሥ ሠራዊት ይሸነፋል፤ ደጃዝማቹ ይማረካል፤ ልጁ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋውን መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትንከራተታለች። በመጨረሻም ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል።

ይህን ሲያነብ ስንክሳር የሚያውቅ ሰው ቅድስት እንባ መሪናን ማስታወሱ አይቀርም። እርሷም ሴትነቷን ሰውራ በወንዶች ገዳም መንኵሳለች፤ ባልፈጸመችው ኃጢአት ተከስሳ የሌላ ሰው ልጅ አሳድጋለች፤ እውነቱም የታወቀው ካረፈች በኋላ ነው። መሰወር፣ መለየት፣ በመጨረሻም መገለጥ ለቤተ ክርስቲያን ሥነ ጽሑፍ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ክብረ ነገሥትንም ብንመለከት ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲወጣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ በታቦቱ ልክ እንጨት አሠርቶ፣ በሌሊት ታቦተ ጽዮንን አውጥቶ እንጨቱን በስፍራው እንዳኖረ ይተርካል። የዛሬ ልብ አንጠልጣይ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ሌሊት የሚያገኝ አይመስለኝም። ልዩነቱ በክብረ ነገሥት የሌሊቱ ሥራ የሚፈጸመው በመልአክ ትእዛዝና በመሥዋዕት ሲሆን በዘመኑ ልብ ወለድ ግን በሰው ብልኀትና በመሣሪያ መሆኑ ነው።

ስለ አፈወርቅ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የክርስቲያኖችን ምርኮ በሚያሳዝን ቋንቋ የተረኩት እኚህ ሰው በፋሺስት ወረራ ዘመን ለጠላት አድረው «አፈ ቄሣር» ተብለው ተሾመዋል። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞተዋል። መልካም ክርስቲያናዊ ታሪክ መጻፍና በመከራ ቀን በክርስትና መቆም ለየብቻ ናቸው። የመጽሐፍን ጭብጥ አይቶ የጸሐፊውን ሃይማኖት ለመመስከር የሚቸኩል ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ አንጠልጣይ ባይባልም ለጉዳያችን የቀረበ ነገር አለው። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ስትጠፋ የምንኵስና ልብስ መሸሸጊያዋ ነበር። በዛብህ ካረፈ በኋላ ግን ያ ልብስ እውነተኛ ልብሷ ሆነ፤ መንኵሳ በመቃብሩ አጠገብ ኖረች። ከዚህ በታች የምንመለከታቸውን መጻሕፍት ሳነብ ደጋግሞ ወደ ልቤ የሚመጣው ይህ ነው፤ ቆቡ ለገጸ ባሕርይው መሸሸጊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል ወይስ ይለውጠዋል?

ዴርቶጋዳና የጣና ገዳማት

በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በዘመናችን እጅግ ከተነበቡት የአማርኛ ልብ ወለዶች አንዱ ነው፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለውታል። ዶክተር ሚራዥ የሚባል ሐኪም፣ በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ የሠራው ኢንጂነር ሻጊዝ፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችና የጣና ገዳማት በአንድ ሴራ ይገናኛሉ። አንባቢውም ሻጊዝን ከእውነተኛ ሰው ጋር ለማዛመድ ጊዜ አልፈጀበትም። በቦንጋ ተወልደው፣ በናሳ የጠፈር ምርምር ሥራ ስማቸው የታወቀው፣ በኋላም ወደ ፖለቲካው ገብተው በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፉት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ናቸው እየተባለ ይነገራል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ «ስሙ ተቀየረ እንጂ» ያለኝም ይህንኑ ሰምቶ ነው።

መጽሐፉ ምንም በጎ ነገር አላደረገም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ከከተማ ወጥተው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች የጣናን ገዳማት ስም የሰሙት ከዚህ መጽሐፍ ነው። ኢትዮጵያዊ ሊቅ የዓለምን ምስጢር ሊፈታ ይችላል የሚለው ሐሳብም ብዙዎችን አነሣሥቷል። ገዳማቱም በእርግጥ ታላላቅ የታሪክ ማኅደሮች ናቸው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በጣና ቂርቆስ እንደ ነበረች አበው ያስተምራሉ። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም አለ። በግራኝ ወረራ ዘመን የየአድባራቱ ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ተሻግረው ተሰውረዋል። ስለዚህ «ጣና የተሰወረ ነገር አለው» የሚለው ስሜት ከባዶ አልተነሣም።

ችግሩ የሚጀምረው ምን እንደ ተሰወረ ስንጠይቅ ነው። አባቶች የሰወሩት ታቦትን፣ መስቀልንና የብራና መጽሐፍን ነበር፤ የሰወሩትም ለአምልኮ እንዲተርፍ ነው። ልብ ወለዱ በዚያው ስፍራ የሳይንስ ምስጢርንና የስለላ ጉዳይን ያኖራል። አንባቢው መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ በልቡ የሚቀረው ገዳም እንግዲህ የጸሎት ቤት መሆኑ ቀርቶ ታላቅ ካዝና ይሆናል። ወደ ገዳም ሲሄድም ዓይኑ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓመት ከማኅበራችን ጋር ለጉዞ ወጥተን ሳለ፣ ማዕጠንት ይዘው ከሚያልፉ አረጋዊ አባት ይልቅ በቅጥሩ ጥግ ያለውን የተዘጋ በር ፎቶ ለማንሣት የሚሻሙ ወጣቶችን አይቻለሁ። በሩ የእህል ጎተራ ነበር።

ቆቡ ምን ማለት ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኵስ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ለሞተ ሰው የሚጸለየው ጸሎት በሕያው ላይ ይነበባል፤ ለዓለም ሞቷልና። ከዚያ በኋላ እንደየደረጃው ቀሚሱን፣ ቅናቱን፣ ቆቡንና አስኬማውን ይቀበላል። ስለዚህ ቆብ ራስን ከዓለም የመለየት ምልክት ነው።

በስለላ ልብ ወለድ ግን ቆቡ ተገላቢጦሽ ይሠራል። ሰውዬው ቆቡን የሚደፋው ላለመሞት ነው፤ ከተሳዳጆቹ አምልጦ የዓለምን ሥራ ለመቀጠል ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን የምወቅሰው በክፋት አይደለም። ልብ አንጠልጣይ ጽሑፍ መሸሸጊያ ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ምድር ደግሞ ከገዳም የተሻለ መሸሸጊያ በምናብ አይገኝም። ነገር ግን ምእመኑ ይህን ዐውቆ ማንበብ አለበት። ካልሆነ የሚያገኘውን መነኵሴ ሁሉ «ይህ ሰው በእውነት ማን ይሆን?» እያለ በጥርጣሬ ይመለከታል። በየከተማው የሐሰት መነኰሳት በሚለምኑበት፣ እውነተኞቹ አባቶች ደግሞ በመንገድ ላይ መታወቂያ በሚጠየቁበት በዚህ ጊዜ፣ ያ ጥርጣሬ ዋጋ የሚያስከፍለው ገጸ ባሕርይውን አይደለም።

በዚህ ረገድ ከውጭው ዓለም ቢያንስ አንድ መጽሐፍ በጎ ምሳሌ ይሆናል። እንግሊዛዊው ግራሃም ግሪን እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው «ኃይልና ክብር» የተሰኘ ልብ ወለድ በሜክሲኮ ታባስኮ ግዛት የተደረገውን እውነተኛ ስደት መነሻ አድርጎ፣ መንግሥት የሚያሳድደውን አንድ ካህን ይተርካል። ካህኑ የካቶሊክ ነው፤ ሰካራምና ደካማም ነው። ልብሱን ቀይሮ ይሸሻል፤ ሆኖም የሚሞት ሰው ኑዛዜ ሊቀበል በተጠራ ጊዜ ወጥመድ መሆኑን እያወቀ ይመለሳል። የሚደበቀው ክህነቱን ትቶ ነፍሱን ለማትረፍ ቢሆንም፣ ክህነቱ ግን አይለቀውም። ልብ አንጠልጣይነትና ሃይማኖት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሳይጣሉ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያየሁት በዚህ ነው።

ጸሐፊው ራሱ ታሪክ ሲሆን

የፖለቲካ ልብ ወለድ በእውነተኛው ዓለም ላይ ምን ያህል ሊጠጋ እንደሚችል ለማወቅ ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የሚበልጥ ምስክር የለንም። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በዘመቻውም ተሳትፏል። ስለዚህ አንባቢው በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የዘመኑን ባለሥልጣናት ሲፈልግ አልተቸገረም፤ ባለሥልጣናቱም ራሳቸውን አገኙ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ብቻ ቆማ ተገኘች።

«ኦሮማይ» መንፈሳዊ መጽሐፍ አይደለም፤ ለወጣቶች የማልመርጣቸው ገጾችም አሉት። ያም ሆኖ በውስጡ የኅሊና ጥያቄ አለ፤ የሚናገረውን የማያምን፣ የሚያምነውን የማይናገር ሰው ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ክርስቲያናዊ ምልክት አንድም ሳይኖረው ወደ ኑዛዜ የሚያቀርብ መጽሐፍ እንዳለ ሁሉ፣ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ መስቀል ተሥሎበት ወደ ኑዛዜ የማያቀርብም አለ።

ውስጠ ወይራና ወሬ

ከእውነተኛ ሰው ጋር የሚመሳሰል ገጸ ባሕርይ ስናገኝ ብዙዎቻችን «ሰምና ወርቅ ነው» እንላለን። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። በውስጠ ወይራ ቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ቢሰወርም ቃሉ ራሱ ይመሰክርለታል፤ ሰዋስዉ ካልፈቀደ «እኔ እንዲህ መሰለኝ» ማለት በመምህሩ ፊት አያስኬድም፤ ተማሪው ያፍራል። ልብ ወለድን ከዜና ጋር ስናዛምድ ግን የሚያርመን መምህር የለም። አንዱ የስም መመሳሰል ያገኛል፤ ሌላው የዓመተ ምሕረት መገጣጠም ይጨምራል፤ ሦስተኛው በስልኩ ያሰራጨዋል። በሳምንቱ «አባቶች ተናገሩት» የሚል ይታከልበታል።

በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ንባብ ትልቁ ምሳሌ የዳን ብራውን «የዳ ቪንቺ ኮድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከታሪኩ በፊት «እውነት» በሚል ርእስ አንድ ገጽ አኑሮ ይጀምራል፤ ከዚያም በገጸ ባሕርያቱ አፍ የጌታችንን አምላክነት በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ያስመስለዋል። ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ግን ከሐዋርያት የተቀበሉትን እምነት በአርዮስ ክሕደት ፊት ለመመስከር ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ምእመን በየሳምንቱ ጸሎተ ሃይማኖትን ሲደግም ምስክርነታቸውን በአፉ ይይዛል። ልብ ወለዱን ያነበበ ወጣት ስለ ኒቅያ ሲጠይቀን ከመቈጣት ይልቅ ሃይማኖተ አበውን ብንከፍትለት ይሻላል።

ሌላው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የታተመው የቲም ላሄይና የጄሪ ጄንኪንስ ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። «ወደ ኋላ የቀሩት» ልንለው እንችላለን። በዚያ ታሪክ አማኞች በድንገት ከምድር ይሰወራሉ፤ ሐሳዌ መሲሕም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ይነሣል። መጻሕፍቱን ያላነበቡ ሰዎች እንኳ በፊልምና በስልክ ስብከት ትምህርታቸውን ጠጥተውታል፤ «ቺፕ ሊቀበርብን ነው»፣ «ባርኮዱ የአውሬው ቍጥር ነው» የሚለው ጭንቀት በእኛም ምእመናን ዘንድ የሚሰማው በከፊል ከዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም እኩሌታ በደብረ ዘይት በዓል የምታስተምረው ግን ጌታችን በክበበ ትስብእት፣ በግርማ መለኮት በግልጥ እንደሚመጣ ነው። አስቀድሞ በስውር መነጠቅ የሚባል ትምህርት የላትም። ቀኒቱንና ሰዓቲቱንም የሚያውቅ እንደሌለ ራሱ ጌታ ተናግሯል (ማቴ. 24፥36)።

ከዚህ ጋር ሩስያዊው ቭላድሚር ሶሎቪዮቭ እ.ኤ.አ. በ1900 የጻፈውን የሐሳዌ መሲሕ አጭር ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያም ሐሳዌ መሲሕ በፖለቲካ ይነግሣል፤ ሰላም ያመጣል፤ ክርስቲያኖችን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ወገን የሚወደውን ስጦታ ይሰጣል። ለኦርቶዶክሳውያኑ የሚያቀርበው ጥንታዊ ቅርስና ሥርዓት የሚጠበቅበት ተቋም ነው። ብዙዎች ይቀበሉታል። አረጋዊው ዮሐንስ ግን ንዋየ ቅድሳቱንም ብራናውንም ሳይጠይቅ፣ ክርስቶስን በፊታቸው እንዲመሰክር ብቻ ይለምነዋል። ያኔ ማንነቱ ይገለጣል። ጸሐፊው በሁሉም ነገር የሚከተሉት ሰው ባይሆንም በዚህች ስፍራ ግን በቀጥታ ወደ እኛ የተናገረ ይመስለኛል፤ ቅርስን ከክርስቶስ አስበልጦ የመውደድ ፈተና የእኛም ነውና።

ሌባውና መስቀሉ

ስለ ቅርስ ካነሣን የዓለማየሁ ዋሴን መጻሕፍት ሳንጠቅስ አናልፍም። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት እኚህ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ በመንዝ የሚገኘውን እመጓ ዑራኤልን መነሻ ያደረገውን «እመጓ»ን፣ ከዚያም «ዝጎራ»ንና «መርበብት»ን ጽፈዋል። ከቆየው የስለላ ልብ ወለድ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ገዳሙና ገበሬው፣ ዛፉና የቅኔ መምህሩ በዝርዝር ይታያሉ። በእግር ዞሮ ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። እዚህም ቢሆን ትውፊቱ የቱ ጋ እንደሚያበቃ፣ ምናቡ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት የአንባቢው ፈንታ ነው፤ ጥርጥር ቢገባው የአጥቢያውን ሊቃውንት ቢጠይቅ አይጐዳም።

የቅርስ ዘረፋ ደግሞ ምናብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻገረ፤ በአንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱም በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሯል። አንድ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን አገኘውና ምን እንደ ሆነ ዐወቀ፤ ታቦቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ታቦታት ግን በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸው ይገኛሉ። ምስጢር የሚወድ ወጣት በዚህ ጉዳይ ላይ ቢመራመር ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅም ሥራ ይሠራል።

ልብ ወለድ ያልሆነው

ወደ ጉለሌዎቹ ልጆች ልመለስ። ልብ ወለድ እንዲያቆሙ አልነገርኋቸውም። ታላቁ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክሩ የአሕዛብን ድርሰት ሲያነቡ እንደ ንብ እንዲሆኑ አስተምሯል፤ ንብ ከአበባው ሁሉ አትቀስምም፣ ከቀሰመችውም የሚጠቅማትን ብቻ ትወስዳለች። ይልቁንስ ሴራ፣ ሥልጣንና ምስጢር የሚወዱ ከሆነ በዚህችው ከተማ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ አልኋቸው።

በመጀመሪያ ስለ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ተናገርሁ፤ እርሳቸውን ሁሉም ያውቃሉ። አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ስላለ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ስላለ ስማቸው አልጠፋም። ቀጥዬ የነገርኋቸው ግን ሐውልት የሌለበትን ነው።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. ተሾሙ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት በጥር 1968 ዓ.ም. ከመንግሥት ፈቃድ ሳይጠይቁ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ፤ ከእነርሱ አንዱ በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። በማግሥቱ ወር በየካቲት ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በስፍራቸው በወላይታ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ አንድ ባሕታዊ አባት ተመረጡ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት። ቀደም ያለው ፓትርያርክ በሕይወት ሳሉ ሌላ መሾም ቀኖና አይፈቅድም በማለት የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልተቀበለችም። ደርግ የዋህና ታዛዥ የመሰሉትን አባት ሲመርጥ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። እርሳቸው ግን በጾምና በተጋድሎ ሰውነታቸው እስኪያልቅ ድረስ ጸልየው በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ከእስር ቤት ተወስደው በልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ተገደሉ፤ እዚያው ተቀበሩ። በዚያው ክረምት ከመንገድ ታፍነው የተወሰዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ግቢ ተገድለዋል። መንግሥት ምንም አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኳ በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ በይፋ ሳታውቅ ዓመታት አለፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ።

እኔ እስካነበብሁት ድረስ ይህን ታሪክ ዋና ጉዳዩ ያደረገ ትልቅ የአማርኛ ልብ ወለድ አላገኘሁም። ሁለት ፓትርያርኮች፣ አንዱ በእስር ሌላው በመንበር፤ ያልተነገረ ሞት፤ ቀኖናን ጠብቃ ከሩቅ ዝም ያለች እኅት ቤተ ክርስቲያን፤ በመኳንንት ግቢ አፈር የተሸፈነ ዐፅም፤ ይህን የሚያህል ነገር ያለው ሕዝብ ለምን ከናሳ እንደሚበደር አይገባኝም። ምናልባት ታሪኩ ገና አልደረቀ ይሆናል። ወይም ጸሐፊዎቻችን በኦሮማይ ደራሲ ላይ የደረሰውን አይተው ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰባቱንና ሌሎች ሦስት ጨምሬ በታክሲ ወደ ጎፋ ወሰድኋቸው። ቅዳሴው ወጥቶ ምእመናን ተበትነው ነበር። ተሳልመን በመካነ መቃብሩ አጠገብ ጥቂት ቆምን። ስለ ሻጊዝ የጠየቀኝ ልጅ በጣቶቹ ሲቈጥር አየሁት፤ ከ1971 እስከ 1984።

«ዐሥራ ሦስት ዓመት» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት በየቅዳሴው ስማቸው ሲጠራ ከሕያዋን ጋር ነበር ከሙታን?»

መልሱን ከዚያው ደብር ሊቃውንት እንድንጠይቅ ተስማምተን ወደ ቤተልሔሙ አቅጣጫ ሄድን።